የ27 ሳንቲም ጣጣ

«አካባቢን መጠበቅ ያዋጣል» የሚል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ውሸት ስለሆነ አይደለም። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ጅማ ውስጥ በየአዳራሹ፣ በየባነሩ፣ ሻይና ብስኩት በሚቀርብበት ሥልጠና ሁሉ ይባላል። ያዋጣል፤ እሺ። ለማን? መቼ? በማን ደብተር ላይ?

እኔ ቀን ቀን የቡና ድርጅት ሂሳብ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአካባቢ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ዘመድ አዝማድ ሲጠይቀኝ «ስለ ንግድና ስለ አካባቢ» እላለሁ፤ ብዙዎቹ ችግኝ ተከላ ይመስላቸዋል። አንድ አጎቴማ «ለዛፍ ዲግሪ ይሰጣል እንዴ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። እውነቱን ለመናገር ዛፍ የምናነሳው አልፎ አልፎ ነው። የምናወራው ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ እንደሚገባ ነው።

በመጀመሪያ የሚያዋጣውን ቶሎ ብዬ ልለፈው፤ ብዙ ወሬ አይፈልግምና። ውሃ የሚቆጥብ አዲስ መፈልፈያ ማሽን ያዋጣል። የድሮው ማሽን የሚጠጣውን ውሃ ለመሳብ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ናፍጣ ሲበላ ያድራል። ውሃ ሲቀንስ ናፍጣ ይቀንሳል፤ ናፍጣ ሲቀንስ የኔ ደብተር ደስ ይለዋል። የቡና ልጣጭም እንደዚያው ነው። ከእሸት ቡናው ክብደት ከመቶ 40 ያህሉ ልጣጭ ነው። ከምሮ ከማሸተት ኮምፖስት አድርጎ ለገበሬው መመለስ ይቻላል። ቅርብ የሆነ ገበሬ በአህያ ጭኖ ይወስደዋል፤ ራቅ ያለው ግን ማጓጓዣው ስለማያዋጣው ይተወዋል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሥልጠና አያስፈልገውም። ባለሀብቱ ሂሳብ ያውቃል። የሚያዋጣ መሆኑን ካየ ማንም ሳይነግረው ያደርገዋል።

ችግሩ ያለው እጣቢው ላይ፣ ቡናው ታጥቦበት በሚቀረው ውሃ ላይ ነው።

የታጠበ ቡና ሲዘጋጅ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ በኅዳር አመሻሽ አንድ ማጠቢያ ሳይት ብትሄዱ ጥሩ ነው። ለቀማው ቀን ያልቅና ቡናው ወደ ማታ ይመጣል። በአህያ፣ በሰው ትከሻ፣ በባጃጅ፣ ራቅ ካለ ደግሞ በአይሱዙ። ሚዛኑ ጋ ጭቅጭቅ አለ፤ «አረንጓዴው በዝቷል»፣ «የለም፣ ቀይ ነው»። እሸት ቡና ማደር የለበትም፤ ካደረ መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ ምሽት ላይ ይነሳል። ቀዩ ልጣጭ በአንድ በኩል ይተፋል፤ ፍሬው ከነዝልግልጉ በሌላው በኩል ወደ ገንዳ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ እንደ አየሩ ሁኔታ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ዝልግልጉ ሲለቅ በቦይ እየታጠበ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይሄዳል። ፍሬው ነጥቶ፣ ጸድቶ፣ አልጋ ላይ ሲሰጣ በጣም ያምራል። ለጎብኚ የሚታየው እሱ ነው።

ሌላው ውሃ በጀርባ ይወጣል። ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ አረፋ አለው። የመጀመሪያው ቀን የሚሸተው ጣፋጭ ነገር ነው፤ ከሳምንት በኋላ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ውስጡ ያለው መርዝ አይደለም፤ ስኳር ነው። ችግሩም እሱ ነው። ስኳሩ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያው ይሰለፍበታል። ባክቴሪያው ሲበላ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዓሣውና ሌላው ነፍሳት አየር ያጥረዋል። ውሃው ይኮመጥጣል። የቡና እጣቢ ኦክስጅን የመብላት አቅሙ ከተራ የከተማ ፍሳሽ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ወቅቱ ደግሞ መጥፎ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ እየጎደለ ባለበት ሰዓት ማጠቢያው ሥራ ይጧጧፋል። ወንዙ በጣም ሲደክም ሸክሙ በጣም ይከብዳል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ጉዳይ ለዓመታት አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ከማጠቢያ በታች ያለውን ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የመተንፈስ ችግር እንደሚገጥማቸው ጽፏል። የሆድ ሕመም ወጪ አለው። የጤና ጣቢያ ካርድ አለ፤ የመድኃኒት አለ፤ ያልተሠራ የሥራ ቀን አለ። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማጠቢያውን ዓመታዊ ወጪ ስደምር ግን ከእነዚህ አንዱም አይመጣም። ደረሰኝ የለውማ! አንዲት እናት ለልጇ የገዛችው የሆድ መድኃኒት በኛ ቡና ዋጋ ውስጥ አለ፤ በኛ ደብተር ውስጥ ግን የለም።

አንዱ ሲያተርፍ ወጪው ሌላው ላይ የሚወድቅበትን ይህንን ነገር ኢኮኖሚስቶች ኤክስተርናሊቲ ይሉታል። አርተር ፒጉ የሚባል እንግሊዛዊ ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ መፍትሔ አቀረበ። መንግሥት የጉዳቱን ያህል ግብር ይጣልበት፤ ያኔ ባለንብረቱ ራሱ ያስብበታል። ያምራል። ግን ግብሩን ለመጣል ጉዳቱን መለካት ያስፈልጋል። እጣቢ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚበላ የሚለካበት የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ አምስት ቀን ይፈጃል። ማጠቢያዎቹ የሚሠሩት ደግሞ ለጥቂት ወራት፣ አብዛኛውን ሌሊት፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ነው። ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ጠዋት ሲደርስ ወንዙ ሌላ ወንዝ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሮናልድ ኮዝ የሚባል ሌላ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1960 መጣና ሌላ አሳብ አመጣ። የመብቱ ባለቤት በግልጽ ከታወቀና መደራደር ወጪ ከሌለው፣ በዳይና ተበዳይ ተቀምጠው ይስማማሉ አለ። «ወጪ ከሌለው» የምትለዋን ብዙዎች ይዘሏታል፤ የሰውዬው ነጥብ ግን እሷው ናት። መምህራችን ይህንን ሲያስተምር እኔ በልቤ ወንዙን ተከትዬ እወርድ ነበር። ከላይ ስንት ማጠቢያ አለ? ያቺ ልጅ ሆዷን ያመማት ከየትኛው በወጣ ውሃ ነው? ከታች ያለውስ ማን ነው፣ የት ያልቃል? ጅማ ዞን ውስጥ ያለው የጎማ ወረዳ ውሃ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ይሄዳል፤ ዴዴሳ ወደ ዓባይ። የጅማ ከተማ አካባቢው ግን ወደ ግልገል ጊቤ ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት ማመንጫ ግድብ ውስጥ ገብቶ፣ በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ለድርድር ማንን ነው የምንጠራው? የየትኛውን አገር ሽማግሌ?

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፎታል። ቅጣት አለው። ብክለት ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን እንኳ ይላል። እኔ ካወራኋቸው የሳይት ኃላፊዎች ይህችን የቀረጥ ነገር የሰማ አላገኘሁም። ቅጣቱን ግን ሁሉም ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ እኔ የምወደው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የማንም ድርጅት ሂሳብ አይደሉም። አንድ ማጠቢያ በወቅቱ 5,000 ኩንታል እሸት ቡና ይገዛል እንበል። ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ መሆኑ ነው። ለእጣቢው በደንብ የተሠሩ ተከታታይ ጉድጓዶች ቆፍሮ፣ ውሃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ አድርጎ፣ ዳርዳሩን ቬቲቨር ሳር ተክሎ ለመጨረስ 600,000 ብር ይፈልጋል እንበል። ባለቤቱ ይህንን በአንድ ወቅት መመለስ አለብኝ ካለ፣ ወለዱን እንኳ ሳንቆጥር በኪሎ እሸት 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይወድቅበታል። ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና፣ ማለትም ተፈልፍሎና ደርቆ ለሽያጭ የተዘጋጀ ፍሬ፣ ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ በንጹሕ ቡና ላይ ከ7 ብር በላይ ይመጣል።

ያው ገንዘብ በ18 ከመቶ ወለድ ተበድሮ በአሥር ዓመት ይከፈል ብንል ግን በኪሎ እሸት 27 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። በንጹሕ ቡና 1 ብር ከ62። የንጹሕ ቡና ኪሎ በመቶዎች ብር በሚሸጥበት ዘመን ይህ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የጉድጓዱን ማጽጃና የውሃውን መኮምጠጥ የሚቀንሰውን ኖራ ጨምሩበትና እጥፍ ይሁን። ምንም አይደለም።

ይህንን ሂሳብ ሠርቼ ስጨርስ ደነገጥኩ። ወንዙን የሚያቆሽሸው ውድነት አይደለማ! አንድ ባለማጠቢያ ለልጁ ሠርግ የሚያወጣው ገንዘብ ጉድጓዱን ከነሳሩ ይሠራል። ታዲያ ለምን አይሠራም?

አንድ ሥራ አስኪያጅ ሂሳቡን አሳይቼው አየና ሳቀ። «እህቴ፣ አሥር ዓመት ማን ሰጠኝ?» አለኝ።

ይህ መልስ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይበልጥብኛል። ባንኩ የሚያበድረው ለወቅቱ ነው። በመስከረም ይወስዳል፤ ቡናው ሲሸጥ ይመልሳል። ለጉድጓድ የአሥር ዓመት ብድር የሚሰጥ አላየም። ማጠቢያውን ለመጪዎቹ ዓመታት ይዞት መቆየቱን አያውቅም፤ ዋጋው ከኒውዮርክ የቡና ገበያ እየተደወለ የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ አንድ መጥፎ ወቅት ከመጣ ሳይቱ ለሌላ ይተላለፋል። በልቡ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ብላችሁ ያንኑ ሂሳብ ሥሩት፤ 27 ሳንቲሟ 77 ሳንቲም ትሆናለች። ክፍል ውስጥ ስለ ነገ ገንዘብና ስለ ዛሬ ገንዘብ ልዩነት የምንማረው ቀመር እዚህ ሰውዬ ፊት ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛውን ምክንያት ሚዛኑ ጋ ቆሞ ማየት ይበቃል። እሸት ቡና የሚሸጥ ገበሬ ስልክ አለው። ከጎን ያለው ማጠቢያ 50 ሳንቲም ከጨመረ አህያውን ያዞራል። ስለዚህ ጉድጓድ የቆፈረው ባለማጠቢያ፣ ካልቆፈረው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ እየተሻማ ነው። ጥሩ ሰው መሆኑ ቡና አያመጣለትም። እንዲያውም ጥሩ ሰው በመሆኑ ቀድሞ የሚከስረው እሱ ነው። በየሥልጠናው «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው። ግንዛቤ አለ። ሰዎቹ ያንን ሽታ ከእኛ በፊት ያሸቱታል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «ገዢው ይክፈል» ይላል። ንጹሕ ሥራ ለሠራ የተሻለ ዋጋ። መጥፎ አሳብ አይደለም። ግን ገዢ የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ነው። የጅማ ቡና ለረዥም ጊዜ ዓለም ገበያ ላይ የታወቀው «ጅማ 5» በሚባል ደረጃ ነው፤ ያልታጠበ፣ ርካሽ፣ ከየትም ተሰብስቦ የተቀላቀለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናውን በአካባቢና በደረጃ እየመደበ አንድ ላይ ያከማቸው ነበር። ክፍያውን አፋጠነ፤ ለዚህ ላመሰግነው ይገባል። ግን የኔ ንጹሕ እጥበትና የጎረቤቴ ቆሻሻ እጥበት አንድ ጆንያ ሲሆኑ ማን ለኔ ይጨምርልኛል? በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ በቀጥታ መላክ ሲሰፋ ነገሩ መለወጥ ጀምሯል።

ጥሩ ሥራ ለገዢው ሲታይ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ከኛው ሰፈር አለ። በለጠ ጌራ ደን ውስጥ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ «ዋቡብ» የሚባሉ የገበሬዎች የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቋሙ። የደን ቡናቸው ሬይንፎረስት አሊያንስ ከሚባለው የውጭ ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ማረጋገጫ አገኘና የተሻለ ዋጋ መጣ። ታካሃሺና ቶዶ የሚባሉ ሁለት ጃፓናዊ ኢኮኖሚስቶች የሳተላይት ምስል ይዘው ማረጋገጫ ያገኘውን ደን ካላገኘው ጋር አነጻጸሩ። ማረጋገጫ ያገኘው ደን የመመንጠር ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ወሬ አይደለም፤ የተለካ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ የጌራ ስም ሲነሳ እንዴት ደረቴ እንደተነፋ!

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አይገባም። እያንዳንዱ ማሳ ያለበት ቦታ በካርታ መታወቅ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ መጀመሪያ ከተባለው ቢገፋም፣ እዚህ ላኪው ሁሉ ስልኩን ይዞ የገበሬ ማሳ ሲዞር ይውላል። ጥሩ ነው። ግን ሳተላይት የሚያየው ዛፍ ነው። ወንዙ ከላይ ሲታይ ቀጭን መስመር ነው፤ ንጹሕም ይሁን የቆሸሸ መስመሩ ያው ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ትኩረቱም ወደ ዛፉ ይሄዳል። አንድ ላኪ ደኑን ሳይነካ፣ ወረቀቱን አሟልቶ፣ እጣቢውን ወንዝ ላይ እየደፋ ፍራንክፈርት ድረስ በኩራት መሸጥ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ልቤ ያዘነበለው ወደ ኤሊኖር ኦስትሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ብዙ አገር ዞራ የመስኖ ውሃ፣ ደንና ግጦሽ በጋራ የሚጠቀሙ ሰዎችን አየች። መንግሥት ሳይገርፋቸው፣ መሬቱም ለግለሰብ ሳይሸጥ፣ ራሳቸው ሕግ አውጥተው ለዘመናት የኖሩ ነበሩ። የሚሳካላቸው ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ማን አባል እንደሆነ ይታወቃል። ጠባቂው ከራሳቸው ነው። ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል። ይህን ሳነብ ዋቡብን አሰብኩ።

የመመረቂያ ጽሑፌም ከዚህ ይነሳል። አንድ ወንዝ፣ አንድ ስምምነት። በአንድ ወንዝ ላይ ያሉ ማጠቢያዎች በሙሉ በአንድ ወቅት ይቆፍራሉ። አንዱ ቀድሞ አይከስርም። አንዱ ጉድጓዱን ዘግቶ ሌሊት ቢለቅ ደግሞ ከታች ያለው ማጠቢያ በውሃው ያውቅበታል፤ ለራሱም ንጹሕ ውሃ ይፈልጋልና። ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ። ብድሩንም በቡድን ቢጠይቁ ባንኩ የሚሰማቸው ይመስለኛል። አሳቡን ለአማካሪዬ ሳቀርብ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ዝም ብሎ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«27 ሳንቲሟን ማን ይከፍላታል?» አለኝ።

«ማጠቢያዎቹ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

አልነበርኩም። ባለማጠቢያው ወደ ላይ ሊያስተላልፋት አይችልም፤ የውጭው ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ይቆረጣል፤ ለጅማ ወንዝ ብሎ የሚጨምር የለም። ስለዚህ ወደ ታች ይገፋታል። ሁሉም ማጠቢያዎች በአንድ ላይ ከተስማሙ ደግሞ መግፋቱ ይቀላል፤ ገበሬው አህያውን የሚያዞርበት ሌላ ማጠቢያ የለውማ። እኔ ያማረልኝ ስምምነት የእሸት ዋጋ መቁረጫ ማኅበር ሊሆን ይችላል። ገበሬው የቀረው አማራጭ ቡናውን ቤቱ አድርቆ በጀንፈል መሸጥ ነው። ጀንፈሉ የተሻለ ከከፈለው ማጠቢያዎቹ ያለ ቡና ይቀራሉ፤ ካልከፈለው 27 ሳንቲሟ በሙሉ ከሱ ኪስ ትወጣለች። መልሱ ያለው ገበሬው ጋ ነው። ስለዚህ መጠይቁን ይዤ ገበሬውን መጠየቅ ጀመርኩ። ጥያቄው ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ «ወንዙን ለማያቆሽሽ ማጠቢያ በኪሎ 27 ሳንቲም ቀንሰው ይሸጣሉ?»

አንድ አዛውንት ገበሬ ጥያቄውን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩት። ጥቂት አሰቡ።

«የትኛው ማጠቢያ ነው ልጄ፤ ከቤቴ በላይ ያለው ነው በታች?» አሉኝ።

ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በላይ ያለው ከሆነ 50ም ቢቀንስ እሰጠዋለሁ። በታች ያለው ከሆነ ግን ከሱ በታች ያሉትን ጠይቂያቸው፤ እኔ ቡናዬን በዋጋው ነው የምሸጠው።»

ቅጹ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። ማታ ቤት ገብቼ አንድ ጥያቄ ጨመርኩበት፤ «ቤትዎ ከማጠቢያው በላይ ነው ወይስ በታች?»